እርጥብ እንጨት ይበረክታል ወይ?

ባለፈው ክረምት ቁርስ በዘገየ ቁጥር ጥፋቱን በወጥ ቤት ሠራተኞች ላይ ስናላክክ እንደ ነበር አትዘነጉትም። እኛ የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆችም ካማረሩት ወገን ነበርን። በኋላ ወጥ ቤቱ ጎራ ብለን ስናይ ግን ጢሱ ጣራውን ሞልቶታል፤ ምጣዱ ገና አልጋለም፤ የፍልጡ ጫፍ አረፋ ይደፍቃል። ከእናቶቻችን አንዷ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ልጆቼ፣ እኔ ምን ላድርግ? እንጨቱ እኮ ያለቅሳል» አሉን። የዛሬውን የሳይንስ ዓምዳችንን ለማገዶ የሰጠነው ለዚህ ነው።

በየቤቱ «ደረቁ ቶሎ ያልቃል፣ እርጥቡ ይበረክታል» ሲባል እንሰማለን። እውነት ይመስላል፤ እርጥቡ ፍልጥ ምድጃ ውስጥ ብዙ ይቆያል። ግን የሚቆየው እየነደደ ነው ወይስ እየደረቀ? እስቲ በሒሳብ እንየው።

አዲስ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። 1 ኪሎ ስንገዛ እንግዲህ 500 ግራም እንጨትና 500 ግራም ውሃ ገዛን ማለት ነው። 1 ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 100 እስኪደርስ 80 ካሎሪ፣ ከዚያ እንፋሎት ለመሆን 540 ካሎሪ ይፈልጋል፤ ድምሩ 620 ነው። (በደጋው አገር ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ሒሳቡን ግን ብዙ አይለውጠውም።) ለ500 ግራሙ 310 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። 500 ግራም ደረቅ እንጨት ሙሉ በሙሉ ቢነድ የሚሰጠው ወደ 2,200 ኪሎ ካሎሪ ስለሆነ፣ ከሰባት እጅ አንዱ ምጣዱን ሳያገኘው በእንፋሎት ይሄዳል።

ትልቁ ኪሳራ ግን ይህ አይደለም። እንጨት ሲግል አብዛኛው ክፍሉ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ነበልባል የምንለው የዚህ ጋዝ መንደድ ነው። ጋዙ አጥርቶ እንዲነድ 600 ዲግሪ ያህል ሙቀትና በቂ አየር ይሻል። ውሃው እሳቱን ሲያቀዘቅዘው ጋዙ ሳይነድ ጢስና ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ጢስ እንግዲህ ያልነደደ ማገዶ ነው፤ ገንዘብ ከፍለን ዐይንና ሳንባ እናጠፋበታለን። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃም ቢሆን እርጥብ ከጎረሰ ያጨሳል።

ታዲያ እንዴት ይድረቅ? መጀመሪያ መፈለጥ አለበት። ውሃው በቅርፊቱ በኩል እንደ ልብ አይወጣም፤ የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍና በተፈለጠው ጎን ነው። ድፍን ግንድ ከምሮ «ይደርቃል» ማለት ራስን ማታለል ነው። ፍልጡ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ይደርደር፣ ነፋስ ማለፊያ ይኑረው፣ ከላይ ብቻ ይከደን። ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል ውሃውን ማፈን ነው። ለሐምሌ የሚነደው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ተፈልጦ መደርደር አለበት፤ የበጋ ፀሐይ ዋጋ አይጠየቅበትም። የደረቀ ፍልጥ ይቀላል፣ ጫፉ ይሰነጣጠቃል፣ ሁለቱን ሲያጋጩት ቋ ይላል።

ከጆሮ ይልቅ ሚዛን ይታመናል። ከአንድ ግንድ ሁለት ቁራጭ ወስደን አንዱን እንፍለጥ፣ አንዱን ከነቅርፊቱ እንተው። በየሰኞው መዝነን ክብደቱን እንመዝግብ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም በአየር ደርቋል፤ ያኔም ከ15 እስከ 20 በመቶ ውሃ ይቀረዋል። ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ዕጩ መምህራን ይህን ከልጆች ጋር ብትሠሩት መቀነስም፣ መቶኛም፣ ግራፍም በአንድ ፍልጥ ይማራሉ።

ደረቁ ቶሎ ማለቁስ? ጭራሮ ከሆነ አዎን፣ ያልቃል። ጭራሮ ለማስነሻ ነው፤ እሳቱን የሚያቆየው ወፍራም ደረቅ ፍልጥ ነው፤ እሱም ፍሙ ከተሠራ በኋላ ይገባል። የምድጃውን አፍ መጠቅጠቅ አየር ይከለክላል፤ ጫፉ በነደደ ቁጥር ገፋ ማድረግ ይበቃል። ሲጨርሱ ፍሙን በአመድ ዳፍኖ ማሳደር እናቶቻችን የሚያውቁት ጥበብ ነው። ነገር ግን ፍም በማንደጃ ይዞ ወደ መኝታ ክፍል ገብቶ በር መዝጋት ክልክል ነው! ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።

የመጀመሪያው ምዘና የፊታችን ሰኞ ከምሳ በኋላ በወጥ ቤቱ ደጅ ይሆናል። ጠመኔና ደብተር ይዛችሁ ኑ። ያለፈውን ክረምት ይቅርታም እዚያው እንጠይቃለን።