እየተሞላ የሚሠራ ባትሪ፤ አመራረጡና አያያዙ

ኩራዝ ከብዙ ቤት እየወጣ ነው። በምትኩ የሶላር መብራት፣ የእጅ ባትሪና የእጅ ስልክ ገብቷል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር በቆሎውን የሚጠብቅ ገበሬ ማማ ላይ ሆኖ ከርከሮና ጃርት የሚያባርረው በእጅ ባትሪ ነው። ሌሊት ምጥ ሲመጣም መጀመሪያ የሚፈለገው መብራት ነው። የዚህ ሁሉ ኃይል የሚቀመጠው እየተሞላ በሚሠራ ባትሪ ውስጥ ነው። ይህን ባትሪ መምረጥና መያዝ ያወቀ ሰው ገንዘቡን ያድናል፤ ቤቱንም ከእሳት ይጠብቃል።

ከባትሪ ድንጋይ በምን ይለያል?

የድሮውን የባትሪ ድንጋይ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ በጥርስ እንነክሰዋለን፤ በድንጋይ እንቀጠቅጠዋለን። ጥቂት ያበራና ይሞታል። ከዚያ ይጣላል።

አዲሱ ባትሪ ሊቲየም አዮን ይባላል። ሊቲየም ከብረቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። ይህ ባትሪ ለገበያ የወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 ነው። መሠረቱን የጣሉት 3 ሳይንቲስቶች በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሞላል፤ ይሠራል።

በውስጡ 2 ስስ ንጣፎች እንደ ሰሌን ተጠቅልለዋል። በመካከላቸው እጅግ ስስ የሆነ መለያ አለ። የተነከረበት ፈሳሽ እንደ ላምባ ተቀጣጣይ ነው። መለያው ከተቀደደ 2ቱ ንጣፎች ይነካካሉ፤ ባትሪው ይግላል፤ ፈሳሹም በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ ይህን ባትሪ መንከስ፣ መቀጥቀጥና መብሳት እሳት መጥራት ነው። እንደ ባትሪ ድንጋዩ ነው እንዳትሉ።

የተጻፈው ቁጥር ምን ይላል?

ባትሪው ላይ 2 ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንደኛው ቮልት ነው፤ ባንዱ ባትሪ ላይ 3.6 ወይም 3.7 ይላል። ሁለተኛው ሚሊአምፒር-ሰዓት ይባላል። ይሄ ባትሪው የሚይዘው መጠን ነው፤ ጎተራው ስንት ኩንታል ይይዛል እንደምንለው ማለት ነው። መብራቱ በሰዓት 300 የሚበላ ከሆነ፣ 3,000 የሚይዝ ባትሪ 10 ሰዓት ያበራል። 3,000 ለ300 ሲካፈል 10 ነውና።

ገበያ ላይ የሚበዛው አውራ ጣት የሚያህለው ድቡልቡል ባትሪ 18650 ይባላል። ይህ ቁጥር ልኩ ነው እንጂ ጉልበቱ አይደለም፤ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር ማለት ነው። በዚህ ልክ የተሠራ ጥሩ ባትሪ ከ2,000 እስከ 3,500 ይይዛል። ከሁሉ የተሻለው ወደ 4,000 ይጠጋል። ሆኖም 6,800 ወይም 9,900 ተብሎ የተጻፈበት ይሸጣል። ይሄ ሐሰት ነው። በትንሽ ጎተራ ላይ «100 ኩንታል» ብሎ መጻፍ እህሉን አያበዛውም።

ስንገዛ እንዲህ እንፈትነው።

1. በሚዛን። ደህናው 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 30 ግራም ከሆነ ውስጡ ጎዶሎ ነው።

2. በሰዓት። 2 ባትሪዎችን በአንድ መብራት በየተራ አብርታችሁ ሰዓቱን ቁጠሩ። 3,000 የተባለው 10 ሰዓት ካበራ፣ 9,900 የተባለው 33 ሰዓት ማብራት ነበረበት። በ4 ሰዓት ከደከመ የያዘው 1,200 ብቻ ነው። መብራቱ ሲደክም አጥፉት፤ ባትሪውን ጨርሶ ማድረቅ ይጎዳዋል።

3. በዓይን። ሽፋኑ የተቀደደውን፣ የጎደጎደውን፣ የዛገውን አትግዙ።

ነጋዴው «አባቴ፣ ይሄ ባለ 9,900 ነው፤ ከሁሉ ይበልጣል» ቢላችሁ፣ «ልጄ፣ በዚህ ቁመት 9,900 አይገባም፤ ሚዛኑን አምጣውና እንየው» በሉት። ማንበብና ማስላት የተማርነው ለዚህም ነው።

አውሮፕላን ላይ የታየው

አደጋው የገጠር ብቻ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ በ2 የጃፓን አየር መንገዶች ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ላይ ትልልቅ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች ግለው ጨሱ። በዓለም ያሉት 787 አውሮፕላኖች ሁሉ ከበረራ ታገዱ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የገዛቸውም ቆሙ። መሐንዲሶቹ 3 ነገር አደረጉ። የባትሪውን ክፍሎች አንዱ የአንዱን ሙቀት እንዳይወስድ ለያዩአቸው። ከልክ በላይ እንዳይሞላ ቻርጀሩን አስተካከሉ። ባትሪውንም በብረት ሣጥን ከተው ጭሱ ወደ ውጭ እንዲወጣ አደረጉ። ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሌሎቹ ቀድሞ 787ን መንገደኛ አሳፍሮ ወደ ናይሮቢ አበረረ። እኛም እነዚህን 3 ነገሮች በአቅማችን ማድረግ እንችላለን።

በቤታችን እንዴት እንያዘው?

መለያየት። ባትሪውን ከሳንቲም፣ ከቁልፍ፣ ከወረንጦ ጋር በአንድ ኪስ አትያዙ። ብረቱ 2ቱን ጫፎች ካገናኘ ኪስ ውስጥ ይግላል። አዲስና አሮጌ ባትሪም በአንድ መብራት ውስጥ አታቀላቅሉ።

በልክ መሙላት። አንዱ ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከዚያ ካለፈ አደጋ ነው። ባለ 12 ቮልት የሚባለው የሶላር ሰሌዳ በጠራራ ፀሐይ እስከ 18 ቮልትና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ስለዚህ የሰሌዳውን ሽቦ በቀጥታ ባትሪው ላይ ማሰር ክልክል ነው። ለእሱ በተሠራው ቻርጀር ብቻ ይሞላ።

ቦታ መምረጥ። ሰሌዳው በሽቦ ከመብራቱ የሚለይ ከሆነ፣ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ መብራቱ ጥላ ውስጥ ይሁን። ከምድጃም ይራቅ። ቻርጅ ስናደርግ መደብ ላይ፣ ጋቢ ሥር ወይም ጭድ አጠገብ አናስቀምጥ፤ በምጣድ ስባሪ ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይሁን። ነቅተን ሳለን እንሙላ። የሣር ክዳን ቤት አንዴ ከተያያዘ ጎረቤት እስኪደርስ አይጠብቅም።

ቢያብጥ ወይም ቢጨስስ?

ያበጠ ባትሪ የታመመ ባትሪ ነው። አትሙሉት፤ አየሩ ይውጣ ብላችሁ አትብሱት። በሸክላ ዕቃ አድርጋችሁ ልጆችና ከብቶች ከማይደርሱበት ውጭ አስቀምጡት። እሳት ውስጥ አትጣሉት። የባትሪ ድንጋይን ጥቁር ዱቄት ለጥቁር ሰሌዳ ማቅለሚያ የሚጠቀም አለ፤ ይሄኛውን ግን ማንም እንዳይሰብረው።

ከጨሰ ጭሱ መርዝ ነው። መጀመሪያ ልጆችንና ሽማግሌዎችን አስወጡ። በመብራት ኃይል መስመር እየተሞላ ከነበረ፣ መድረስ ከተቻለ መስመሩ ይጥፋ። እሳቱ ትንሽ ከሆነና መውጫው ከኋላችሁ ካለ፣ ከሩቅ ብዙ ውሃ ድፉበት፤ ውሃው ያበርደዋል። ጠፋ ብላችሁ ወዲያው አትንኩት፤ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል።

መልመጃ

1. 18650 የሚለው ቁጥር ምን ያመለክታል?
2. አንድ መብራት በሰዓት 250 ይበላል። ባትሪው 2,500 ቢይዝ ስንት ሰዓት ያበራል?
3. ቤታችሁ ያለው መብራት ወይም ስልክ ሌሊት ቻርጅ የሚደረገው የት ላይ ነው? ዛሬ ማታ እዩትና ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩበት።