የመጽሐፍ አንድ ክፍል ሲጠቀስ የማን ስም ይቀድማል?

ከመካከላችን የርቀት ትምህርት የጀመሩ፣ አገር ገብተውም ለመቀጠል የሚያስቡ ስላሉ ዛሬ ስለ ግርጌ ማስታወሻና ስለ ዋቢ መጻሕፍት እንማማር። በተለይ ከመጽሐፉ አንዱን ክፍል ብቻ ስንጠቅስ።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። «ማቴ. 5፥3» ስንል የመጽሐፍ ክፍል ጠቀስን ማለት ነው። ገጽ አንልም፤ የእኔና የአንቺ መጽሐፍ ቅዱስ ገጹ አይገጥምም፣ ምዕራፍና ቁጥሩ ግን በአብዛኛው አንድ ነው። ሙስሊም እኅቶቻችንም ሱራና አያ ብለው ይጠቅሳሉ። ሌላው መጽሐፍ እንዲህ ስላልተቆጠረ ገጹንና የታተመበትን ዓመት መጻፍ ግድ ነው።

አንድ ሰው ብቻውን የጻፈው ከሆነ ቀላል ነው። ለምሳሌ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ 1958 ዓ.ም.፣ ከዚያ ገጹ፤ አለቀ። በእጃችሁ ያለው በኋላ የታተመው ከሆነ የእሱን ዓመት ጻፉ፣ ገጹ ይለያያልና። «ዓ.ም.» የምትለዋን ደግሞ አትተዉ፤ ያለ እሷ የውጭ አገር አንባቢ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል።

የሚያስቸግረው ብዙ ሰው የተሳተፈበት መጽሐፍ ነው። የካምብሪጅ የአፍሪካ ታሪክ ቅጽ 3 በ1977 እ.ኤ.አ. ሲታተም አርታኢው ሮላንድ ኦሊቨር ነበር። በውስጡ ስለ ኢትዮጵያ፣ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ አፍሪካ ቀንድ ያለውን ምዕራፍ የጻፉት ግን የእኛው ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው። ግርጌ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

ታደሰ ታምራት፣ «ኢትዮጵያ፣ ቀይ ባሕርና የአፍሪካ ቀንድ»፣ በሮላንድ ኦሊቨር (አርታኢ)፣ የካምብሪጅ የአፍሪካ ታሪክ፣ ቅጽ 3፣ 1977 እ.ኤ.አ.፣ ገጽ 120።

(ርእሱን ለትምህርቱ ብዬ ተረጎምኩት እንጂ በወረቀታችሁ ላይ መጽሐፉ በተጻፈበት በእንግሊዝኛ ይሁን።) ገጽ 120 ያልኩት ያነበባችሁት እዚያ ነው ብዬ ነው። መጨረሻ ላይ በዋቢ መጻሕፍት ውስጥ ግን የምዕራፉ ገጽ በሙሉ ይገባል፤ ከ98 እስከ 182። ቀጥሎ ያለው ማስታወሻ ያንኑ ከጠቀሰ «ዝኒ ከማሁ» ብላችሁ ገጹን ብቻ ጨምሩ። መሐል ላይ ሌላ መጽሐፍ ከገባ ግን «ዝኒ ከማሁ» አይሠራም፤ ስሙን መልሳችሁ ጻፉ።

ብዙ ተማሪ ኦሊቨርን ብቻ ጽፎ ያልፋል። ኦሊቨር አሰባሰበ፣ አስተካከለ እንጂ ያንን ምዕራፍ አልጻፈም። ወጡን ማን ሠራው ሲባል የቤቱን ባለቤት ስም መጥራት መልስ አይሆንም፤ ይህንን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል!

ሌላው የስም ነገር ነው። ፈረንጆች የቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድሙ አንዳንዱ «ታምራት፣ ታደሰ» ብሎ ይገለብጠዋል። ታምራት አባታቸው ናቸው፣ ምዕራፉን አልጻፉም። እዚህ ክሊኒክ ውስጥ በአያታችን ስም ስንጠራ ማን ይሆን ብለን ዞር ዞር እንደምንለው ማለት ነው። የኢትዮጵያዊ ስም ሳይገለበጥ እንዳለ ይጻፋል። መምህራችሁ ገልብጡ ካለ ግን ምክንያቱን አስረዱት።

ፋራሳን ላይ ሆነን የምናነበው አብዛኛው በስልክ የተላከ ፎቶ፣ ካልሆነም ከጂዛን በመርከብ የሚመጣ ፎቶ ኮፒ ነው። የሚልክላችሁን ሰው ከምዕራፉ ጋር የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽና ጀርባውን እንዲጨምር ለምኑት። አርታኢው፣ አሳታሚውና ዓመቱ ያለው እዚያ ነው።