ገንዘቡ ቀድሞ ዕቃው ስለሚዘገይበት ንግድ

ያልተሠራ ዕቃን አስቀድሞ መሸጥ በንግድ ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ልብስ ሰፊው ቀብድ ተቀብሎ ይሰፋል፤ አናጢውም የጣውላውን ዋጋ ይዞ ሥራውን ይጀምራል። ቀብድ የሰጠው ደንበኛ ግን የሰፊውን ሱቅ ያውቃል፤ ቀኑ ቢያልፍ ሄዶ ይጠይቀዋል፤ ባይሆንለትም በሽማግሌ ፊት ያቆመዋል። በአሁኑ ዘመን ደግሞ አንድ ሰው ገና በሐሳብ ያለውን ዕቃ በኢንተርኔት አሳይቶ፥ ከማያውቃቸው ብዙ ሺሕ ሰዎች ቀብድ የሚሰበስብበት ሥርዓት ተስፋፍቷል። ይህንን ሥርዓት የሕዝብ መዋጮ ብለን እንጠራዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በዚሁ መንገድ ገንዘብ ከተሰበሰበ በኋላ በፋብሪካ በር ላይ ስለሚገጥመው እንቅፋትና መዘግየት ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በዚህ ሥራ ስመ ጥር የሆነው ኪክስታርተር የተባለው ድርጅት በ2009 በኒውዮርክ ተመሠረተ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። የዕቃው አሳቢ የሚፈልገውን የገንዘብ ልክና የመዋጮውን ማብቂያ ቀን ይወስናል፤ እስከዚያ ቀን ገንዘቡ ካልሞላ ከማንም አዋጪ አንድ ሳንቲም አይወሰድም፤ ከሞላ ግን ኪክስታርተር ከመቶ 5 እጅ ለአገልግሎቱ ያስቀራል፤ በካርድ ለሚደረገው ክፍያም ከመቶ ከ3 እስከ 5 እጅ ይቀነሳል። የቀረው ገንዘብ ለአሳቢው ይሰጣል። ነገሩን በእኛ አገር ዕቁብ ብንመዝነው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ዕቁባችን ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣለትም ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይረከብም። በሕዝብ መዋጮ ግን ዋስ የሚባል ነገር የለም። ኪክስታርተር ራሱ በ2012 ሱቅ አለመሆኑን በግልጽ አስታውቆ፥ የዕቃ አሳቢዎች ሁሉ ሊገጥማቸው የሚችለውን ችግር አስቀድመው እንዲጽፉና በኮምፒዩተር በተቀባ ምስል ፋንታ የሠሩትን ናሙና እንዲያሳዩ ደንብ አወጣ።

ለትምህርት ይሆነን ዘንድ የመረጥነው ታሪክ ኩለስት ኩለር የተባለው የበረዶ ሣጥን ታሪክ ነው። ይህ ሣጥን በሽርሽርና በባሕር ዳርቻ መጠጥ ለማቀዝቀዝ የታሰበ ሲሆን፥ ከሌሎች የበረዶ ሣጥኖች የሚለየው በክዳኑ ላይ በባትሪ የሚሠራ የጁስ መፍጫ፥ ውሃ የማያበላሸው የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ፥ የስልክ ባትሪ መሙያ፥ ብርሃን፥ የጠርሙስ መክፈቻ፥ እንዲሁም በአሸዋ ላይ የሚሄዱ ሰፋፊ ጎማዎች ስላሉት ነበር። አሳቢው ራያን ግሬፐር በአሜሪካ በኦሪገን ክፍለ አገር በፖርትላንድ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። በ2013 መጨረሻ 125,000 ዶላር ለማግኘት ሞክሮ ከ100,000 ዶላር ጥቂት አለፍ ያለ ብቻ ስለ ተዋጣለት ሳይሳካ ቀረ። ጊዜው ክረምት ነበርና በብርድ የበረዶ ሣጥን የሚመኝ ብዙ ሰው አልተገኘም። በ2014 በበጋቸው ወራት ዕቃውን አሻሽሎ፥ የሚፈልገውንም ገንዘብ ወደ 50,000 ዶላር ዝቅ አድርጎ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ 62,642 ሰዎች 13,285,226 ዶላር አዋጡለት። እስከዚያ ቀን ድረስ በኪክስታርተር ከተሰበሰበው ሁሉ የበለጠ ነበር። ዕቃው የሚደርስበት ወር የካቲት 2015 ተብሎ ተቆርጦ ነበር።

ከዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። 50,000 ዶላር የጠየቀ ሰው በልቡ ያሰበው ጥቂት መቶ ሣጥኖችን ለመሥራት ነው፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ገንዘቡ አይበቃውምና። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን ከስድሳ ሺሕ በላይ ደንበኛ በሩ ላይ ቆመ። ብዙዎች ይህንን እንደ ሎተሪ ቢቆጥሩትም፥ በእኔ አስተያየት የችግሩ መነሻ ይኸው ነው። ለጥቂት መቶ ዕቃ የተተመነ ዋጋ፥ ለጥቂት መቶ ዕቃ የተቈረጠ ቀን፥ ለጥቂት መቶ ዕቃ የታሰበ የሰው ኀይል፥ ሳይለወጥ እንዳለ ለስድሳ ሺሕ ቃል ኪዳን ሆነ። የደንበኛው ቍጥር ሲያድግ ቃሉ አብሮ አልታረመም።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ። ከፕላስቲክ የሚሠራ ዕቃ መጀመሪያ ቅርጽ ማውጫው፥ ማለት ሞልዱ፥ ከብረት ተቀርጾ መዘጋጀት አለበት። ለጥቂት መቶ ዕቃ በለስላሳ ብረት የተሠራ ርካሽ ሞልድ ይበቃል፤ ለብዙ ሺሕ ግን በጠነከረ ብረት የተሠራ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሞልድ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ለመቅረጽ ብቻ አንድ ወር ወይም ሁለት ወር ይጠፋል። ሞልዱ ከተሠራ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ናሙና ፍጹም ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ፕላስቲክ ሲበርድ ይኰማተራል፤ ወፍራሙ ክፍል ከቀጭኑ ዘግይቶ ስለሚበርድ ላዩ ይሰረጕዳል፤ ክዳኑ ይጣመማል፤ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ከቦታው ይሸሻል። ያን ጊዜ ሞልዱ ተመልሶ ይፋቃል፤ እንደገናም ይፈተናል። ብረትን መፋቅ ይቻላል፤ ከተፋቀ በኋላ መመለስ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከዚህ የተነሣ አዋቂ ሞልድ ሠሪ ጥቂት ጥቂት እየፋቀ ይቀርባል፤ ይህም እያንዳንዱ እርምት ሳምንታትን የሚወስድበት ምክንያት ነው። በሩቅ ሆኖ የሚጠብቀው አዋጪ ግን የሚያየው «ገና በሙከራ ላይ ነን» የሚል መልእክት ብቻ ነው።

ተራ የበረዶ ሣጥን ቢሆን ኖሮ ጭንቀቱ በዚህ ባበቃ ነበር። የኩለስት ሣጥን ግን አራት ወይም አምስት ዕቃዎች በአንድ ላይ የተገጣጠሙበት ነው። መፍጫው ሞተር ይፈልጋል፤ ድምፅ ማጉያው የሬዲዮ ሞገድ ስለሚያወጣ በአሜሪካ የመገናኛ መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት መመርመር አለበት፤ የሊትየም ባትሪ በመርከብም ሆነ በአውሮፕላን ከመጫኑ በፊት የተባበሩት መንግሥታት ያወጣውን የማጓጓዣ ፈተና ማለፍ ይገባዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ሌላው ሁሉ ተሠርቶ በመጋዘን ይቀመጣል። በ2015 የደረሰውም ይኸው ነው፤ በቻይና የመፍጫውን ሞተር በሚሠራው ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመው አድማ መቱ፤ ሣጥኑ፥ ጎማው፥ ክዳኑ ቢኖርም ያለ ሞተሩ ዕቃው ዕቃ አልሆነም። ሌላ ሞተር ለመተካት ደግሞ የመፍጫው ኀይልና የመግጠሚያው ልክ ሁሉ እንደገና መፈተን ነበረበት። አንድን ክፍል ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የሚገዛ ሰው፥ የዚያ ፋብሪካ ችግር ሁሉ የራሱ ችግር መሆኑን መቀበል አለበት።

ስለ ጭነቱም ጥቂት እንበል፤ ይህን አስመጪዎቻችን ከእኔ የበለጠ ያውቁታልና። የበረዶ ሣጥን ውስጡ ባዶ ስለሆነ፥ ባለቤቱ የሚከፍለው በአመዛኙ ለአየር ጭነት ነው። ለምሳሌ አንዱ ሣጥን ከነማሸጊያው 0.15 ሜትር ኩብ ይይዛል ብንል፥ 67 ሜትር ኩብ በሚይዝ ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር ውስጥ የሚገባው በተግባር 400 ያህል ነው። ከስድሳ ሁለት ሺሕ በላይ ለሆኑት ደንበኞች አንዳንድ ለማድረስ ከ150 በላይ ኮንቴነር ሊያስፈልግ ነው። ከወደብ በኋላም እያንዳንዱ ሣጥን ለብቻው በየአዋጪው ቤት መድረስ አለበት፤ እዚያ አገር ትልቅ ዕቃን ከቤት ማድረስ እጅግ ውድ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። 13,285,226 ዶላርን ለ62,642 ሰዎች ብናካፍለው በአማካይ 212 ዶላር ለእያንዳንዱ ይደርሳል። ሣጥኑ ቀድመው ላዘዙት በ165 ዶላር፥ ለቀሩት በ185 ዶላር ነበር የቀረበው፤ አማካዩ ከፍ ያለው ከአንድ በላይ ያዘዙ፥ ከውጭ አገር ያዘዙም የማጓጓዣ ስለ ጨመሩ ነው። ከ212 ዶላር የኪክስታርተርንና የካርዱን ድርሻ ስንቀንስ ከ190 እስከ 195 ዶላር ይቀራል። ከዚህ ላይ ሞልዱ፥ ሞተሩ፥ ባትሪው፥ ማጉያው፥ ጎማው፥ የመግጠሚያው የእጅ ዋጋ፥ ማሸጊያው፥ የባሕርና የየብስ ጭነቱ፥ ቀረጡ፥ ተሰብሮ የሚመለሰው ዕቃ ምትክ፥ የጽሕፈት ቤቱ ደመወዝና የቤት ኪራይ ሁሉ ሊወጣ ነው። ለችርቻሮ ታስቦ የነበረው ዋጋ 299 ዶላር እንደ ነበረ፥ በኋላም በገበያ ከ400 እስከ 500 ዶላር መሸጡን ስናስታውስ፥ የመጀመሪያው ዋጋ ትርፍ ቀርቶ ወጪውንም የማይሸፍን እንደ ነበር ግልጽ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በብዛት ሲሸጥ ኪሣራውም በብዛት ያድጋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አዋጪዎችን አስቈጣ። በ2015 መጨረሻ ገደማ፥ ቀብድ የከፈሉት ገና ሳይደርሳቸው፥ ሣጥኑ በአማዞን ለማንም ገዢ ቀርቦ ተሸጠ። ድርጅቱ የሰጠው ምክንያት ከዚህ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ የአዋጪዎቹን ሣጥን ለመሥራት እንደሚውል ነበር። ከሒሳብ አንጻር ምክንያቱ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ከደንበኛ አያያዝ አንጻር ግን ዓመት የጠበቀውን ደንበኛ በር ላይ አቁሞ ትናንት የመጣውን ማስተናገድ ነው፤ በማንኛውም ገበያ ይህን የሚታገሥ ደንበኛ ይገኛል ብዬ አላምንም። በሚያዝያ 2016 ድርጅቱ ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው አስታውቆ፥ 97 ዶላር የሚጨምር አዋጪ ሣጥኑን ቶሎ እንደሚያገኝ አሳወቀ። ቅሬታው ወደ ኦሪገን የፍትሕ መሥሪያ ቤት ደርሶ በ2017 ስምምነት ተደረገ። በታኅሣሥ 2019 ድርጅቱ መዘጋቱን አስታወቀ፤ በዚያን ጊዜ 20,000 ያህል አዋጪዎች ሣጥናቸውን አላገኙም ነበር። ለመዘጋቱ የተጠቀሰው ምክንያት አሜሪካ በቻይና ዕቃዎች ላይ የጣለችው ቀረጥ ነው፤ በእርግጥም ቀረጡ በ2018 ከመቶ 10፥ በ2019 ደግሞ ከመቶ 25 ሆኗል። ዳሩ ግን ቀረጡ የመጣው ዕቃው መድረስ ከነበረበት ቀን ሦስት ዓመት ተኩል አልፎ ነው።

ይህን ስንል በሕዝብ መዋጮ የተጀመረ ሁሉ እንዲህ ያልቃል ማለታችን አይደለም። ፔብል የተባለው የእጅ ሰዓት በ2012 ከ68,929 ሰዎች 10,266,845 ዶላር ሰብስቦ፥ በመስከረም 2012 እደርሳለሁ ያለው ዕቃ በጥር 2013 መላክ ጀመረ፤ አራት ወር ዘገየ፥ ግን ደረሰ። አሳቢዎቹ ከዚያ በፊት ሌላ ሰዓት ሠርተው ሸጠው ስለ ነበር የፋብሪካን ጠባይ ያውቁ ነበር፤ ሰዓትም በትንሽ ካርቶን የሚላክ ዕቃ ነው። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የዋርተን ትምህርት ቤት መምህር ኢታን ሞሊክ በ2014 ባወጡት ጥናት ከመቶ 75 የሚበልጡት ዕቃቸውን ካሉት ቀን አዘግይተው አቀረቡ፤ በ2015 ባወጡት ሌላ ጥናት ግን ጨርሶ ያላቀረቡት ከመቶ 9 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ሁለት ቍጥሮች የምንረዳው፥ በዚህ ሥራ መዘግየት የተለመደ፥ መቅረት ግን ያነሰ መሆኑን ነው።

የእኛ አገር አስመጪ ከኪክስታርተር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከጓንግዡ ዝግጁ ዕቃ መርጦ የሚያስመጣ ነጋዴ በእርግጥ ብዙ አያገናኘውም። በራሱ ስምና በራሱ ቅርጽ ቴርሞስ፥ ባልዲ ወይም የእንጀራ ምጣድ ለማሠራት የሚነሣ ነጋዴ ግን ከላይ ባየነው መንገድ ይሄዳል፤ ልዩነቱ አዋጪው እርሱ ራሱ ብቻ መሆኑ ነው። እንደ ልማዱ ከዋጋው ከመቶ 30 ያህል አስቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውንም ዕቃው ከመጫኑ በፊት። በሌተር ኦፍ ክሬዲት ቢሆንም ባንክ የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ ስለዚህ የገለልተኛ መርማሪ ምስክር ወረቀት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን አስቀድሞ ማስጻፍ ያስፈልጋል። የማገለግላቸው ነጋዴ ያጸደቁትን ናሙና ሁለት አድርገው ይፈርሙበታል፤ አንዱን ለፋብሪካው ይልካሉ፥ ሌላውን በካዝና ያስቀምጣሉ። አንድ ጊዜ ክዳኑ የሚያፈስ ዕቃ በመጣ ጊዜ ክርክሩን በአንድ ቀን የጨረሰልን ይኸው በካዝና የነበረው ናሙና ነው። የሞልዱ ባለቤትም ማን እንደሆነ በውሉ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ከፋብሪካው ጋር ቅያሜ ቢፈጠር ሞልዱን ወደ ሌላ ለመውሰድ አይቻልም።

ስለ ቀኑም እንዲሁ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ መቍጠር ይሻላል። ለዕንቍጣጣሽ ገበያ በአዲስ ቅርጽ የሚሠራ ዕቃ ታስቧል እንበል። ለባሕሩ፥ ለጅቡቲና ለጉምሩክ ሁለት ወር፥ ለጅምላ ገዢዎች ማከፋፈያ ግማሽ ወር ቢመደብ፥ ዕቃው በሰኔ አጋማሽ መጫን አለበት፤ ለመሥሪያ አንድ ወር ተኩል ቢታሰብ ሥራው በግንቦት መጀመሪያ ይጀመራል፤ ለሞልዱና ለናሙናው ሦስት ወር ቢሰጥ የካቲት መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። የቻይና አዲስ ዓመት ደግሞ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ስለሚውል ፋብሪካዎች ለሳምንታት ይዘጋሉ፤ ለዚህ አንድ ወር፥ ለአንድ ጊዜ እርምትም ሌላ አንድ ወር ሲጨመር፥ ውሉ በታኅሣሥ መጀመሪያ መፈረም አለበት ማለት ነው።