ፖሊስ ሲደበድብ በዲሲፕሊን ቅጣት ይታለፋል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ የሚነዳ ወንድሜን ጣቢያ ውስጥ አንድ ፖሊስ በዱላ ፈነከተው። ሌላ ሰው ቢሆን ይከሰስ ነበር፤ እሱ ግን ደመወዙን ተቀጥቶ ሥራው ላይ ነው። በዚሁ አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ አላበቃም። የደመወዝ ቅጣቱ የመሥሪያ ቤት ዲሲፕሊን ነው፤ የወንጀል ክስን አያስቀርም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 የተያዘን ሰው የሚደበድብ ፖሊስን ይቀጣል። እንዲህ ያለ ጉዳይ አንዳንዴ የሚዳፈነው መርማሪውና ተመርማሪው ባልደረቦች ስለሚሆኑ ነው፤ ይህ በእጅጉ ያሳዝናል።

ስለዚህ አቤቱታውን በጽሑፍ በቀጥታ ለዐቃቤ ሕግ ያቅርቡ፤ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 16 ይህን ይፈቅዳል። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ቁስሉ ሳይሽር የሐኪም ማስረጃ ያውጡ። ዐቃቤ ሕጉ አልከስም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁና ሳይዘገዩ ጠበቃ ያማክሩ።