የአሶሳ ታሪክ በምን ይታያል?

«ታሪካዊ ከተማ ጥቀሱ» ሲባል ሁላችንም አክሱም፣ ጎንደር፣ ሐረር እንላለን። አሶሳ ያለ ሰው እስካሁን አልሰማንም። ለምን ቢባል፣ ታሪክ ሲነሣ ግንብ እንፈልጋለና! እስቲ ዛሬ ግንቡን ትተን ሌላ ምልክት እንፈልግ።

መጀመሪያ ስሙ። ቤኒሻንጉል ዐረብኛ ይመስላል እንጂ መነሻው በበርታ ቋንቋ «ቤላ ሻንጉል» ነው። «ቤላ» ዐለት ማለት ሲሆን፣ ስሙም በመንጌ አካባቢ ተራራ ላይ ካለ የተከበረ ዐለት የመጣ ነው ይባላል። እንግዲህ የክልላችን ስም ግማሹ ድንጋይ ነው ማለት ነው፤ የጎንደር ግንብ እንኳ ይህን ዕድል አላገኘም።

ቀጥሎ ወርቁ። በሰሜን ጀርመን ሉነቡርግ የምትባል በጨው ንግድ የከበረች ጥንታዊ ከተማ አለች። የነጋዴዎቿ ቤቶች ዛሬም ስለቆሙ ታሪኳን ልጅ ሳይቀር በዓይኑ ያነበዋል። የእኛ ወርቅ ግን ከአሸዋ እየታጠበ ወጥቶ ሄደ። በ1814 ዓ.ም. ገደማ የግብፁ ገዥ የመሐመድ አሊ ጦር እዚህ ድረስ የዘለቀው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር።

ታዲያ ወርቁ የሠራው ቤት የለም? አለ፤ ያለው ግን አዲስ አበባ ነው። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ሲዘምቱ አገሩ በሦስት ሼኮች ይገዛ ነበር፦ ቤላ ሻንጉል፣ ኮሞሻና አቆልዲ፣ ማለትም የዛሬው አሶሳ። የአቆልዲው ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን አዲስ አበባ ታስረው ቆይተው ተመልሰው ተሾሙ፤ ግብራቸውም ወርቅ ነበር። ጉለሌ የሠሩት ቤት ዛሬም ይታወቃል፤ «ሸጎሌ» የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዝለል የለብንም። የዚያ ዘመን ሀብት ከወርቅ ብቻ አልመጣም፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ነገ በምናስተምርበት ክፍል የሻጩም የተሸጠውም የልጅ ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጥ ይሆናል። ቤቱን ብቻ አወድሰን ብንወጣ አንደኛው ልጅ ምን ይለናል?

መንገዱም ምልክት ነው። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን እጅ ያስለቀቁት ከቤልጅየም ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው፤ የመጡትም በሱዳን በኩል በኩርሙክ ነው። ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ሰዎች፣ ሰሌዳው ላይ ከኩርሙክ እስከ አሶሳ አንድ መስመር አስምረን ትምህርቱን ከዚያ መጀመር እንችላለን።