መገጣጠሚያሽን ስታሳክሚ ልብሽን አትርሺ

ልጄ፣ በሽታሽ ሉፐስም ይባል ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ቀድሞ የሚያስጨንቅሽ የሚታየው ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፦ ጠዋት አልታጠፍ የሚለው ጣት፣ ጉንጭ ላይ የወጣው ሽፍታ፣ ማበጠሪያ ላይ የሚቀረው ፀጉር። ዕድሜዬን የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ነው የፈጀሁት፤ ስለዚህ የማይታየውን እኔ ልንገርሽ። የሰውነት መከላከያ መልሶ ባለቤቱን የሚያጠቃባቸው እነዚህ በሽታዎች ለልብ ደም የሚያደርሱትን ቧንቧዎች ያለ ጊዜያቸው ያጠብባሉ። ሐኪም የሚልሽን ለመስማት ፈቃደኛ እንደሆንሽ አይቻለሁ። ግን ትረሻለሽ፣ ቀጠሮ ታሳልፊያለሽ፣ ሲሻልሽ ትተዪዋለሽ። ስለዚህ እየቆጠርኩ እጽፍልሻለሁ፤ ወረቀቱን አትጣዪው።

1. «ገና ወጣት ነኝ» ብለሽ አትዘናጊ። እ.ኤ.አ. በ1976 በቶሮንቶ ዶክተር ዩሮዊትዝና ባልደረቦቹ የሉፐስ ሕሙማንን ሞት ሲመረምሩ በሁለት ጊዜ እንደሚከፈል አዩ፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በራሱ በበሽታውና በኢንፌክሽን፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በልብ። በ1997 የወጣ የፒትስበርግ ጥናት እንዳሳየው ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 44 የሆኑ ሉፐስ ያለባቸው ሴቶች በሃርት አታክ የመያዝ ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው ከ50 እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ዕድሜ ጤነኛ ሴት በሃርት አታክ እምብዛም ስለማትያዝ ነው ቁጥሩ እንዲህ የገዘፈው፤ ስለዚህ አትሸበሪ። ነገር ግን ደረቴን አመመኝ ብላ የመጣች ወጣት «ጭንቀት ነው» ተብላ ወደ ቤቷ ስትላክ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሐኪሙ ዕድሜሽን ብቻ እንዳያይ፣ በሽታሽን አንቺው ቀድመሽ ንገሪው።

2. የአንቺን በሽታ ከሌላው ቁርጥማት ለዪ። በአገራችን መገጣጠሚያና ልብ አንድ ላይ ሲነሱ ሰው ሁሉ የሚያስበው በልጅነት የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣውን፣ የልብን በሮች የሚያበላሸውን፣ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚታዘዝለትን በሽታ ነው። ያ ሌላ ነው። የአንቺ የሚያሰጋው የልብን ጡንቻ የሚመግቡትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። የልብ አልትራሳውንድ ተነስተሽ «በሮቹ ደህና ናቸው» ብትባዪ ደስ ይበልሽ፤ ግን ያ መልስ ስለ ቧንቧዎቹ የነገረሽ ነገር የለም። ጎረቤት የታዘዘላትን መርፌም ለእኔ ይሆናል ብለሽ አትውጊ።

3. ዋናውን በሽታ ሳታቋርጪ ታከሚ። የልብ ሕክምናሽ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደጋግመሽ እንድታነብቢ የምፈልገውም ይህንን ነው። ውስጥሽ ያለው መቆጣት ከአመድ ሥር እንዳለ ረመጥ ነው፤ ሕመሙ ጋብ ሲል የጠፋ ይመስልሻል፣ እሱ ግን የቧንቧዎችሽን ግድግዳ እያቃጠለ ይቀጥላል። ለሉፐስ የሚሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪን በሽታውን ከማስታገሡ ሌላ የደም መርጋትን ይቀንሳል፣ የደም ስብንም ያሻሽላል። መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደትሽ ከ5 ሚሊግራም አይለፍ፤ ስትጀምሪ ዓይንሽን ታዪ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ። የሩማቶይዱ ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ የዋጠ ሰው መቅኔው ይጎዳል፣ ሊሞትም ይችላል፤ ስለዚህ ቀኑን ምረጪና በር ላይ ጽፈሽ ለጥፊው። ሜቶትሬክሴት መርዝ ነው የሚል ሰው ያጋጥምሻል። በልኩና በደም ምርመራ ሲወሰድ ግን መገጣጠሚያን ከመቆልመም፣ የሩማቶይድ ሕሙማንንም ልብ ከብዙ ጉዳት የሚጠብቅ መድኃኒት ነው። ጸበል ስትሄጂ ኪኒንሽን ይዘሽ ሂጂ። ጸበሉን ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። «አሁንማ ድኛለሁ» ብላ አቋርጣ ከወራት በኋላ ኩላሊቷም ልቧም ተጎድቶ በሸክም የመጣች ወጣት ማየት ለሐኪም ከባድ ነው።

4. ስቴሮይድ የሆነውን ፕሬድኒሶሎን አክብሪው፣ ግን አትውደጂው። በሁለት ቀን ከአልጋ ያስነሳሻል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲቆይ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ስኳር ያመጣል፣ ስብ ያበዛል፤ ሦስቱም የልብ ጠላቶች ናቸው። ፊትሽ ሲሞላ «አማረብሽ» ይሉሻል፤ አትስሚያቸው። በሉፐስ ዛሬ የሚመከረው ለዘለቄታው በቀን ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም እንዲቆም ነው። የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ግን ሐኪሙ ነው፣ ያውም ቀስ በቀስ። ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ሰውነቱ የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ረስቷልና ግፊቱ ወርዶ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በአሮጌ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሽ ራስሽን አታክሚ።

5. ለሕመም ማስታገሻ እጅሽ አይፍጠን። ዳይክሎፌናክ በየመድኃኒት ቤቱ እንደ ከረሜላ ይሸጣል፤ ይሄ ዘወትር ያስቆጣኛል። እሱና ዘመዶቹ ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የሃርት አታክን አደጋም ከፍ ያደርጋሉ። የእነሱ ወገን የሆነው ቫዮክስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከዓለም ገበያ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ለልብሽ አስፕሪን ከታዘዘልሽ ደግሞ አይቡፕሮፌን ቀድሞት ሲገባ የአስፕሪኑን ሥራ ያከሽፍበታል። ለቀን ተቀን ሕመም በልኩ ፓራሲታሞል ይሻልሻል። ዳይክሎፌናክ በየቀኑ ካስፈለገሽ ዋናው በሽታ አልተገታም ማለት ነውና ወደ ሐኪምሽ ተመለሺ።

6. ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል ተለኪ። ግፊትሽ ከ130 በ80 በታች ይሁን። ኮሌስትሮል ላይ ግን አንድ የሚያታልል ነገር አለ፦ ሩማቶይድ በተቆጣ ጊዜ ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ አደጋው ግን ይጨምራል። ስለዚህ በሽታሽ በተነሳበት ሰሞን የተለካው ዝቅተኛ ቁጥር አያስደስትሽ፤ ሲበርድ ድገሚው። የልብ አደጋን የሚያሰላው ሠንጠረዥም ለእንዳንቺ ያለ ሰው ያሳንሳል። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች ማኅበር ሩማቶይድ ላለበት ሰው ውጤቱ በ1.5 ይባዛ ያለው ለዚህ ነው። አቶርቫስታቲን ከታዘዘልሽ ውሰጂ፤ ነገር ግን ማርገዝ ካሰብሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ጡንቻሽን ካመመሽም ከበሽታሽ ይሁን ከመድኃኒቱ በምርመራ ይለይ እንጂ በግምት አታቋርጪው። ሲጋራ፣ ሺሻና ጫት አይቅረቡሽ። በጾም ወቅት ደግሞ ቅባቱ ሲቀር ጨውና ዳቦ እንዳይተኩት ተጠንቀቂ።

7. ሐኪሞችሽን አገናኚ። የመገጣጠሚያው ሐኪም ልብሽን ለልብ ሐኪም ይተዋል፣ የልብ ሐኪሙ ሉፐስሽን ለእሱ ይተዋል፤ በሁለቱ መካከል የምትወድቂው አንቺ ነሽ። የምትወስጂውን ሁሉ ከነመጠኑ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ለሁለቱም አሳዪ።

8. ደምሽ የመርጋት ጠባይ እንዳለው አስመርምሪ። ከሉፐስ ሕሙማን አንዳንዶቹ አንቲፎስፎሊፒድ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው አለ። ቧንቧው ሳይጠብም ደሙ ረግቶ ልብን ወይም አንጎልን ሊዘጋ ይችላል። ደጋግሞ ፅንስ መውረድም አንዱ ምልክቱ ነውና ይህን ታሪክ ከሐኪም አትደብቂ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በዚህ ፀረ እንግዳ አካል ምክንያት በልብ ወይም በአንጎል ላይ ለረጋ ደም የሚታመነው አሁንም የድሮው ዋርፋሪን ነው። ምርመራ የማያበዙት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ምቹ ቢሆኑም በተለይ ፀረ እንግዳ አካሉ በሦስቱም ዓይነት ምርመራ በተገኘባቸው ሰዎች ደካማ ሆነው ተገኝተዋል። ዋርፋሪን እየወሰድሽ ጎመን መብላት አልተከለከለም፤ አንድ ሳምንት ብዙ፣ አንድ ሳምንት ምንም እንዳይሆን ነው። እመጫት ልትጠይቂ ሄደሽ፣ ሰርግ ውለሽ፣ ጾም ገብቶ ምግብሽ ሲለወጥ ደምሽን አስለኪ።

9. የደረት ሕመምን «ጨጓራ ነው»፣ «ብርድ መታኝ» ብለሽ አትለፊው። ሉፐስ የልብን ሽፋን ሲያስቆጣ የሚመጣ ሕመም ይወጋል፣ ስትተነፍሺና ስትጋደሚ ይብሳል፣ ወደ ፊት ስታጎነብሺ ይቀልላል። ቧንቧ ሲዘጋ ግን ይጫናል፣ ያፍናል፣ ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ ይሄዳል፣ ላብ ያጠምቃል። በሴት ላይ ደግሞ ድካም፣ ትንፋሽ ማጠርና ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይህን ያልኩሽ እንድታውቂው እንጂ ቤትሽ ተቀምጠሽ እንድትለዪው አይደለም፤ የሚለየው ኢሲጂና የደም ምርመራ ነው። የሚያፍነው ዓይነት ከሆነ፣ ለአስፕሪን አለርጂ ከሌለሽና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የማትወስጂ ከሆነ 300 ሚሊግራም አኝከሽ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ሌሊት ነው፣ ዘመድ ላስቸግር አልፈልግም አትበዪ። የልብ ጡንቻ በየደቂቃው ነው የሚሞተው።

10. የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ከተደረገልሽ ኪኒኖቹን ከስቴንቱ እኩል ቁጠሪያቸው። አዲስ አበባም ይሁን ሕንድ ወይም ባንኮክ ሄደሽ፣ ቤተሰብ ገንዘብ አሰባስቦ የከፈተልሽን ቧንቧ ዳግም የሚዘጋው ብዙ ጊዜ የተቋረጠ ኪኒን ነው። ከሃርት አታክ በኋላ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ወይም መሰሉ አብረው በተለምዶ ለአንድ ዓመት ይወሰዳሉ፤ ከዚያ አንዱ ይቀጥላል። ሉፐስ ያለበት ሰው ቧንቧው መልሶ የመጥበብ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣልና ክትትልሽ ከሌላው የጠበቀ ይሁን። ቀዶ ሕክምና ከተመረጠልሽም ስቴሮይድ ቁስል የሚያዘገይና ኢንፌክሽን የሚጋብዝ ስለሆነ ምን ያህል እንደምትወስጂ ለቀዶ ሐኪሙና ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሪ። ጥርስ ነቃይ ወይም ሌላ ሐኪም የስቴንቱን ኪኒን «ለሳምንት አቁሚው» ቢልሽ እዚያው ቁጭ ብለሽ ለልብ ሐኪምሽ ደውዪ፤ ካላገኘሽው ጥርሱ ለሌላ ቀን ይቆይ።