ወንዝ ጥሏቸው የሄዳቸው ሐይቆች፦ ከአልጣሽ እስከ ዲንደር

ከጎንደር በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ መተማ የሚወርደውን ዋና መንገድ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ወደ ደቡብ ተገንጥሎ በሽንፋ በኩል ወደ ቋራ የሚዘልቀውን መንገድ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቋራ በታሪክ ትምህርታችን የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ሆና ብትታወቅም፣ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም የሚገኘው በዚያው ነው። 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ይህ የሽመልና የእጣን ዛፍ አገር፣ በ2008 ዓ.ም. አንበሶች እንደሚኖሩበት በካሜራ ወጥመድ ተረጋግጧል። በምዕራብ በኩል የሚዋሰነው እ.ኤ.አ. በ1935 ከተቋቋመው የሱዳን ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ነው።

በዲንደር ጎብኚ ከዋናው መንገድ እየተገነጠለ የሚሄደው «ማያ» ወደሚባሉት ሐይቆች ነው። በበጋ ወንዞቹ ደርቀው ኩሬ ኩሬ ሲሆኑ፣ ጎሹ፣ ድኩላውና የወፉ መንጋ በማያዎቹ ዳር ይሰበሰባል። እነዚህ ሐይቆች ከምን መጡ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው።

ሻይ አማስለን ማንኪያውን ስናወጣ ቅጠሎቹ ወደ ብርጭቆው ጠርዝ ከመሸሽ ይልቅ ከሥር መሐል ላይ ይከማቻሉ። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1926 ይህንኑ ከወንዝ መጠማዘዝ ጋር አያይዞ አስረድቷል። በሚዞር ውኃ ውስጥ ፈጣኑ የላይኛው ክፍል ወደ ውጭ ይገፋል፤ ወለሉን የነካው ውኃ ግን በሰበቃ ስለሚዘገይ ቅጠሉን እየጠረገ ወደ መሐል ይመለሳል። ወንዝም በሚታጠፍበት ስፍራ እንዲሁ ነው፤ የውጭውን ዳር እየሸረሸረ አሸዋውን በውስጠኛው ዳር ያስቀምጣል። ስለዚህ ዕጥፋቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ፣ አንገቱ ደግሞ እየቀጠነ ይሄዳል። በአንድ ኃይለኛ ክረምት ጎርፉ አንገቱን በጥሶ አቋራጭ ያወጣል፤ አሮጌው ዕጥፋትም ግማሽ ጨረቃ መስሎ ለብቻው ይቀራል። ማያ ማለት ይኸው ነው።

ውኃው ወደ መሬት ሰርጎ የማይጠፋውስ ለምንድን ነው? መልሱ ከመኪናው ጎማ ሥር ይገኛል። የቆላው ጥቁር ዋልካ አፈር ውኃ ሲያገኝ በሚያብጥ የሸክላ ማዕድን የተሞላ ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፣ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ጥርጊያ መንገዱንም ያቋርጣል። ሾፌሩን የሚያማርረው ጠባይ ለሐይቁ ድስት ሆኖለታል።

ሆኖም ማያ በየክረምቱ በጎርፍ ካልተሞላ አይኖርም። ጎርፉ የሚመጣው ደግሞ ከእኛ ደጋ ነው። ሽንፋ ድንበር ሲሻገር ራሃድ ይባላል፤ አይማም የዲንደር ወንዝ ክፍል ነው። ሁለቱም የሚነሡት ከጣና ምዕራብ ካለው ከፍታ ሲሆን፣ ከውኃው ጋር ደለል ይዘው ይወርዳሉ። ደለሉ ወደ ማያው የሚያስገባውን ቦይ ሲደፍነው ጎርፉ በአጠገቡ አልፎ ይሄዳል። ሐይቁ በመጀመሪያ ረግረግ፣ ቀጥሎ የሣር ሜዳ፣ በመጨረሻም የግራር ጫካ ይሆናል። በደጋው ያለ ተዳፋት ማሳ እርከን ማጣት በበጋ ከድንበር ማዶ ያለ ጎሽ የሚጠጣውን ይወስናል ብንል ማጋነን አይሆንም። የዱር እንስሳቱም የፓርኮቹን ወሰን ስለማያውቁ፣ አንዱ ማያ በደረቀ ቁጥር በቀሪዎቹ ዙሪያ ይጨናነቃሉ።

በሁለቱም አገሮች በ2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሱት ጦርነቶች በስፍራው ተገኝቶ ማጥናትን አክብደውታል። ተማሪ ግን በነፃ ከሚገኙት የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ሊጀምር ይችላል። የተለያዩ ዓመታትን የመጋቢት ወር ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የዲንደርን ወንዝ ይከተል፤ ውኃ የያዙት ግማሽ ጨረቃዎች ጠቁረው፣ የደረቁት ደግሞ በዕፅዋት ቅስት ብቻ ተለይተው ይታያሉ። የትኛው በየትኛው ዓመት ከጥቁሩ ወገን እንደወጣ ለመቁጠር ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃሉ።